ከታች የሚጠብቅ አለ

ኤሎይሳ አርቹሌታ ዝም ማለት አይሆንላትም። ሎስ ኒዶስ በምትባለው መንደር ይህን የማያውቅ የለም። የትምህርት ቤት አውቶቡስ በነዳችባቸው ዓመታት ሁሉ፣ ከፊቷ በተሰቀለው መስታወት እያየች "አንተ፣ እግርህን ከወንበሩ ላይ አውርድ" ያላለችው ልጅ በሸለቆው ውስጥ አይገኝም። ዛሬ እነዚያ ልጆች ጺም አብቅለው፣ ወልደው ከብደው እንኳ፣ እሷ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ሳያውቁት እግራቸውን ይሰበስባሉ። ጡረታ ከወጣች ወዲህ ደግሞ መንደሩ የመስኖ ቦዩን አደራ ሰጥቷታል። ከተራራው ላይ በረዶው ቀልጦ የሚወርደውን ውሃ ለየእርሻው በተራ የምታካፍል፣ ሰዓት የምትመድብ፣ ተራው ሳይደርስ የከፈተውንም ሄዳ የምትዘጋ እሷ ናት። ሴት ብትሆንም "የውሃ አባት" ይሏታል። ስሙ ከጥንት የወረደ ስለሆነ አልቀየረችውም። "ከእናንተ አባቶች የተሻለ እሠራዋለሁ" ትላለች እንጂ።

እንግዲህ ይህች ሴት በዚያ ጸደይ፣ ስለ ገዛ የልጅ ልጇ ጉዳይ ስትጠየቅ "እኔ ምን አውቄ" ማለት ስትጀምር፣ ሰዉ ታማለች ብሎ ሾርባ ይዞላት መጣ።

የልጅ ልጇ አናሊሲያ ትባላለች። አባቷ በቴክሳስ የነዳጅ ጉድጓዶች ሲሠራ፣ እናቷም አብራው ስትመላለስ፣ ልጅቷን ያሳደገቻት ኤሎይሳ ናት። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ተመልሳ በመንደሩ ክሊኒክ ካርድ ታወጣለች፣ የደም ግፊት ትለካለች፤ በጎን ደግሞ ለሕክምና ትምህርት ቤቶች ስታመለክት ከርማ ነበር። ሦስቱ ተቀበሏት። አንዱ ዴንቨር ነው። አንዱ በአገሩ ምሥራቅ ዳር፣ ፊላደልፊያ። ሦስተኛው ከተራራው ማዶ ባለችው ከተማ፣ በመኪና ሁለት ሰዓት ቢያስኬድ ነው፤ በቤት ውስጥ "የቅርቡ" ይሉታል።

ደንቡን አናሊሲያ ነገረቻት። እስከ ኤፕሪል ሠላሳ የተቀበሉሽን ሁሉ ይዘሽ መቆየት ትችያለሽ፤ በዚያ ቀን ግን አንዱን ይዘሽ ሌሎቹን መልቀቅ አለብሽ፤ ከኋላ ቦታ የሚጠባበቁ አሉና። ኤሎይሳ እንዲደገምላት አልጠየቀችም። ሌሎች ነገሮችን፣ ፈተናውን፣ ማመልከቻውን፣ ቃለ መጠይቁን ሦስት ጊዜ አስደግማ ነበር። ይህኛው ግን ገና ሲነገራት ገባት።

"ይህን ደንብ ካወጡት ሐኪሞች መካከል አንዱ ቦይ ዳር ነው ያደገው" አለች።

አናሊሲያ ዴንቨርን ገና በማርች መጀመሪያ ለቀቀችው። ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተሯን ከፍታ፣ ቶርቲያ የሚሉት ቂጣ ሳይቀዘቅዝ ጨረሰች። የቀሩት ሁለቱ ግን አልንቀሳቀስ አሉ። ልጅቷ በየማለዳው ኮምፒውተሩን ትከፍትና ታየዋለች፤ ከዚያ ትዘጋውና ወደ ክሊኒኳ ትሄዳለች። ኤሎይሳ ባቄላ እየለቀመች በዓይኗ ጥግ ታያታለች። ትንፍሽ አትልም።

ዝም ያለችው ሐሳብ አጥታ አይደለም። ሐሳቧ አንድ ብቻ ስለነበረ ነው። የቅርቡን ነበር የምትፈልገው። ከቅርቡ ልጅቷ ቅዳሜ ቅዳሜ መጥታ ልብሷን ታጥባለች፣ ቀይ በርበሬ በሥጋ በልታ፣ ለሳምንቱ የሚሆናትን ቋጥራ ትመለሳለች። ከፊላደልፊያ ግን በአውሮፕላን ነው፤ ያውም ለገና፣ ያውም ከቻለች። ኤሎይሳ ይህን የምትፈልገው አጥብቃ ስለነበር፣ አፏን ከከፈተች ከዚህ ሌላ ቃል እንደማይወጣት አወቀች። ስለዚህ ዘጋችው።

ሌላው ሰው አልዘጋም። ቦዩ በሚጠረግበት ቀን፣ ከየቤቱ አንድ ሰው አካፋ ይዞ ይወጣል። ኤሎይሳ በዘንጓ እየለካች ለእያንዳንዱ ድርሻውን ትሰጣለች፤ ሁሉም ሲጨርስ "ቀጥል" ትላለች፣ ሰልፉም ወደ ታች ይራመዳል። በዚያ ዓመት ከቦዩ የወጣው ጭቃና ስለ አናሊሲያ የወጣው ምክር ተመዝኖ ቢሆን ምክሩ ሳይበልጥ አይቀርም። ባለ ሱቁ ፕሩደንሲዮ ፊላደልፊያ ይሻላል አለ፣ ስሙ ትልቅ ነው ብሎ። ሚስቱ ቪርሂንያ ያ ከተማ ሰው የሚገደልበት እንደሆነ በቴሌቪዥን ማየቷን ተናገረች። ከመንደሩ ወጥቶ የማያውቅ አንድ ጎረምሳ ከሄደች ሻንጣ ተሸክሞ አብሯት እንደሚሄድ ገለጸ። በመጨረሻ ፕሩደንሲዮ እጅ አውጥተን እንወስን ሲል፣ ሁሉም ወደ ኤሎይሳ ዞረ።

"ጭቃህን አውጣ" አለችው፣ ሌላ ምንም አልጨመረችም። ያን ጊዜ ነው ሾርባው መምጣት የጀመረው።

ቤላርሚኖ ብቻ ምንም አላለም። ቤላርሚኖ ከኤሎይሳ እርሻ ቀጥሎ፣ ከእሷ በታች ያለው ባለ እርሻ ነው። አብረው አድገዋል፤ ውሃ ማጠጣት ከጀመሩ ጀምሮም ተጣልተው ኖረዋል። የእሷ ተራ ሳያልቅ፣ ውሃውን ከቦዩ ወደ እርሻው የሚያስገባውን የውሃ በር ይከፍታል። ስትመጣበት የእጅ ሰዓቱን ያሳያትና "ፈጣን ነው፣ ምን ላድርገው" ይላል። ያ ሰዓት ፈጣን የሚሆነው በውሃ ቀን ብቻ ነው፤ ለቅዳሴ ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው የሚያደርሰው።

በዚያ ዓመት ግን ቤላርሚኖ ሌላ ሰው ሆነ። በጠረጋው ቀን የራሱን ድርሻ ቆፍሮ ሲያበቃ የእሷንም ግማሽ ቆፈረ። ውሃው ከተለቀቀ ወዲህ በሩን በሰዓቱ ይከፍታል፣ በሰዓቱ ይዘጋል። የእሷ የውሃ በር ማጠፊያ ይጮህ ነበር፤ ሳትጠይቀው ዘይት ቀባላት። አንድ ቀን ጠዋት ደጃፏ ላይ እንቁላል በሳህን አገኘች፣ በፎጣ ተሸፍኖ። ኤሎይሳ ሲሰድባት ፈርታው አታውቅም፤ እንቁላሉን ስታይ ግን ፈራች።

ምስጢሩን የነገረቻት ቪርሂንያ ናት፣ ስኳር ስትመዝንላት። የቤላርሚኖ የልጅ ልጅ ዛክም ሐኪም ሊሆን አመልክቷል፤ የቅርቡ ትምህርት ቤት ከተጠባባቂዎቹ ጋር አስቀምጦታል። "አናሊሲያ ከለቀቀች እኮ" አለች ቪርሂንያ፣ ቀሪውን በቅንድቧ ጨረሰችው።

ለኤሎይሳ ሁሉ ነገር ግልጽ ሆነ። በቦይ ላይ የላይኛው ሰው የለቀቀው ውሃ ወደሚቀጥለው በር ይወርዳል። ከእሷ ቀጥሎ ያለው የቤላርሚኖ በር ነው። አናሊሲያ የለቀቀችው ቦታ የዛክ ይሆናል ማለት ነው። ቪርሂንያም እንዲሁ ታስባለች፣ ፕሩደንሲዮም፣ ቤላርሚኖም፤ በሎስ ኒዶስ ይህን የተጠራጠረ አንድ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ እንቁላሉ አልወርድላት አለ። በሕይወቷ ከምትጠላቸው ነገሮች ሁሉ የባሰው፣ እርሻው ጠግቦ ውሃው ወደ መንገድ እየፈሰሰ፣ የታችኛው ጎረቤት አካፋውን ተደግፎ እየጠበቀ፣ በሩን የማይዘጋ ሰው ነው። በዚህ ጉዳይ ያላሳፈረችው ሰው የለም፤ የገዛ አማቷን ሳይቀር በሰው ፊት ተናግራዋለች። አሁን ግን ሁለት በር ከፍቶ የተቀመጠው የእሷ ቤት ነው። ከዚህም የከፋው፣ እሷ ራሷ በሆዷ የቅርቡ በር እንዳይዘጋ ትለምናለች፤ ከታች ደግሞ ቤላርሚኖ እንቁላል ይዞ ይጠብቃል።

ነገ ኤፕሪል ሠላሳ ሊሆን፣ ጠዋት ላይ ፍልፈል የቦዩን ዳር ሸንቁሮት ውሃው ወደ ሜዳ ይፈስ ጀመር። አናሊሲያ በዚያ ቀን ሥራ አልነበራትም፤ ሁለቱ አካፋቸውን ይዘው ሄዱ። የኮክ ዛፎቹ አብበው ነበር፣ ውርጩም ያን ሌሊት ምሯቸው አድሯል። ኤሎይሳ ቦት ጫማዋን አድርጋ ቦዩ ውስጥ ገባች። ልጅቷ ከዳር ሆና ሣር ያለውን አፈር እየቆረጠች ታቀብላታለች። ኤሎይሳ አንዱን ጓል ቀዳዳው ላይ ረግጣ ስትጨርስ፣ ቀና ሳትል ተናገረች።

"ልጄ፣ የቅርቡን ልቀቂው።"

አናሊሲያ አካፋዋን አቆመች። "ምን አልሽ እማማ?"

"ፊላደልፊያ ሂጂ። ከታች የሚጠብቅ አለ፤ የቤላርሚኖ የልጅ ልጅ። እኛ የሰው ተራ ይዘን አንቀመጥም።"

ያኔ ቀና ብላ የልጅቷን ፊት አየችው። አናሊሲያ ገና አልመለሰችም፣ ፊቷ ግን መልሷል። ኤሎይሳ ያንን ፊት በአውቶቡሱ መስታወት ውስጥ ስንት ጊዜ አይታዋለች፤ በረዶ ጥሏል፣ ትምህርት የለም ሲባል የሚበራው ፊት ነው። ወዲያው ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ አጠፋችው። ኤሎይሳ ግን አይታለች፣ ያየችውንም አለማየት አይቻልም። ልጅቷ መሄድ ትፈልጋለች። ገና ከመጀመሪያው ጀምሮ ትፈልግ ነበር።

"እማማ፣ እስቲ ቁጭ በይ" አለች አናሊሲያ።

"የት? ጭቃው ላይ?"

"እሺ ቆመሽ ስሚኝ። ቦታውን ብለቀው ለዛክ አይሄድም።"

"ለማን ሊሄድ ነው ታዲያ? ከእኛ ቀጥሎ ያለው እሱ ነው።"

"ይሄ ቦይ አይደለም እኮ። የሚጠባበቁት ስንት ናቸው፤ ከጋላፕ አለ፣ ከሮዝዌል አለ፣ ከየትም አለ። ትምህርት ቤቱ ከመካከላቸው የፈለገውን ነው የሚጠራው። ዛክን ሊጠራው ይችላል፣ ላይጠራውም ይችላል። እኔ ብሄድ ባልሄድ ለእሱ የሚለወጥለት ነገር የለም ማለት ይቻላል።"

"ተራ የላቸውም?"

"እኛ በምናውቀው ዓይነት የላቸውም።"

ኤሎይሳ ወደ ታች ተመለከተች። ውሃው በቦት ጫማዋ ዙሪያ ያልፋል። "ጎረቤቱን ዘልሎ ይሄዳል ማለት ነው፣" አለች ለራሷ፣ "ይሄማ ሥርዓት አይደለም።"

አናሊሲያ ግን ገና አልጨረሰችም። አካፋዋን ጣለችና ከቦዩ ዳር ተቀመጠች፤ ቀሚሷ ጭቃ እንደነካ እንኳ አላየችም። "ይህን ሳልነግርሽ መሄድ እችል ነበር" አለች። "ለዛክ ብላ ለቀቀች ይሉኝ ነበር። ቪርሂንያ ኬክ ትጋግርልኝ ነበር። ግን ውሸት ነው። የምሄድ ከሆነ የምሄደው ስለምፈልግ ነው።"

ከዚያ የተቀረውን ነገረቻት። ፊላደልፊያ ለቃለ መጠይቅ ስትሄድ፣ ከመስታወት ጀርባ ሆነው ቀዶ ሕክምና አሳይተዋቸዋል። የአንዲት ሕፃን ልብ ነበር። የኮክ ፍሬ አታክልም አለች። ሐኪሟ በሁለት ጣቷ ስትይዛት አይታለች፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር የምታየው ያቺኑ ልብ ነው። እዚያ ቤት የሚሠሩት ይህንኑ ነው፤ ከየአገሩ እየመጡ ይማሩታል። ክሊኒኩ የሚመጡትን ሕፃናት ደረት ስታዳምጥ ያንን ታስባለች።

"ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ዝም ስላልሽ ነዋ። አንቺ ዝም ብለሽ ታውቂያለሽ? ከሄድኩ የምትሞቺ መሰለኝ።"

ኤሎይሳ ሳቋ መጣ፤ ሌላ ነገርም አብሮት መጣ፤ በጭቃ እጇ አፍንጫዋን ጠረገች። "ዝም ያልኩት አትሂጂ ብዬ እንዳላስቀርሽ ነበር" አለች።

"አሁንስ?"

"አሁንም አፌ ላይ አለ። አልለውም ግን። አንቺ የምትፈልጊውን ይዘሻል፤ ከሮዝዌልም ይሁን ከሌላ፣ ከታች የሚጠብቅ ሰው አለ። አላውቀውም ብዬ ተራውን አልይዝበትም።" ከዚያ እጇን ዘረጋች። "በይ ጓሉን አቀብይኝ፣ ውሃው እየሄደ ነው።"

ቀዳዳውን ደፍነው ቤት ሲገቡ አናሊሲያ ነገ አደርገዋለሁ አለች። ኤሎይሳ አልተስማማችም። እርሻሽ ከጠገበ እስከ ሰዓቱ መጠበቅ ለምን አለቻት። ልጅቷ እጇን ታጥባ ኮምፒውተሩን ከፈተች፣ አያቷን አንዴ አየቻት፣ በጣቷ ነካ አደረገች።

"ይኸው ነው?" አለች ኤሎይሳ፣ ከትከሻዋ በላይ አጎንብሳ።

"ይኸው ነው።"

"የኔ በር እንኳ ሲዘጋ ይጮህ ነበር፣ ቤላርሚኖ ዘይት ሳይቀባው በፊት።" ከዚያ የልጅቷን ፀጉር አስተካከለች፣ መስተካከል የሚያስፈልገው ባይሆንም።

ቤላርሚኖ በሰው አፍ ከሚሰማ ብለው ከሰዓት በኋላ ሁለቱም ወደ አጥሩ ሄዱ። አናሊሲያ ሁሉን አስረዳችው፤ ቦታውን መልቀቋን፣ ወደ ማን እንደሚሄድ እንደማታውቅ፣ ከዛክ ጋርም በስልክ መነጋገሯን፣ እሱ ይህን ሁሉ ድሮም እንደሚያውቀው። ሰዉ ሁሉ ስለ ዛክ ሲያወራ ዛክን የጠየቀው አልነበረም።

"ከኔ በላይ ማን ነው ያለው?" አለ ቤላርሚኖ። "እናንተ ናችሁ። ሌላ ማን አለ?"

"አባባ ቤላርሚኖ፣ እዚያ እንዲህ አይደለም።"

ሽማግሌው ባርኔጣውን አውልቆ ውስጡን ተመለከተ። "ስለዚህ እኔ ይህን ሁሉ ጊዜ በሬን በሰዓቱ የዘጋሁት በከንቱ ነው?"

"ማጠፊያውም፣" አለች ኤሎይሳ፣ "እንቁላሉም።"

"እንቁላሉ ስለተረፈ ነው" አለ ቤላርሚኖ ኮራ ብሎ። ባርኔጣውን መልሶ ደፋና፣ እንዲያ ጎረቤት እየዘለለ የሚያጠጣ የውሃ አባት እዚህ ቢሆን ኖሮ ቦዩ ውስጥ እንነክረው ነበር አለ። ኤሎይሳም እውነት ነው አለች። በዕድሜያቸው በአንድ ነገር ሲስማሙ ይህ የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም። ዛክ ግን ገና መጠበቅ አለበት፤ ጥሪው ከመጣ ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። ቤላርሚኖ ያን ሳምንት ስልኩን በሸሚዝ ኪሱ ይዞ ነው ያረሰው።

ቦታው በተለቀቀ ማግስት የኤሎይሳ የውሃ ተራ ነበር፣ እስከ እኩለ ቀን። ረፋዱ ላይ በትልሙ ውስጥ ያለው ውሃ ቀነሰ። ወደ ታች ስታይ የቤላርሚኖ በር ክፍት ነው። ሰሞኑን የከበዳት ሰውነት ቀለል አላት። አካፋዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ የምትለውን በልቧ እየደረደረች፣ በቦዩ ዳር ፈጠን ፈጠን ብላ ወረደች።

ቤላርሚኖ አካፋውን ተደግፎ ቆሟል። ገና ሳትደርስ እጁን አነሳ። "ሰዓቴ..."

"ፈጣን ነው፣ አውቃለሁ።"

ልትቀጥል አፏን ከፍታ ወደ ራሷ እርሻ ዞረች። የላይኛው ግማሽ ባዶ ነው። በየዓመቱ አናሊሲያ ቃሪያ የምትተክልበት ነበር። ዘንድሮ ልጅቷ በጁላይ ስለምትሄድ የሚኮተኩተው የለም፤ ጦሙን ሊያድር ነው። እስካሁን ግን ኤሎይሳ በልማድ ውሃ እየለቀቀችበት ነበር፤ አሁንም እየፈሰሰ ነው፣ ማንንም ሳያጠጣ፣ እስከ መንገዱ ዳር።

ወደ በሯ ተመለሰች። የራሷን የውሃ በር ሳንቃ ይዛ ወደ ታች ገፋችው፤ ያለ ድምፅ ተዘጋ። ውሃው ዞሮ ወደ ቤላርሚኖ ወረደ።

"ምን ሆንሽ?" አለ ቤላርሚኖ ከታች። በጣም ነው የጠረጠራት። "ገና ሰዓትሽ ነው እኮ።"

"ከዛሬ ጀምሮ የተራዬ የመጨረሻዋ ሰዓት ያንተ ናት።"

"ለምን ሲባል?"

"ስለተረፈ ነው" አለች ኤሎይሳ።

በሚቀጥለው ተራዋ ቀን ደጃፏ ላይ ሳህኑን አገኘችው፣ በዚያው ፎጣ ተሸፍኖ። አናሊሲያ እንቁላሉን በቃሪያ ጠበሰችው። ለኤሎይሳም ይህኛው ወረደላት፤ ሁለተኛ ቶርቲያ አንስታ ከሳህኑ ጠርጋ ጠርጋ ትበላለች። በመስኮት ቀና ስትል ግን በትልሙ ያለው ውሃ ሲቀንስ አየች። ቤላርሚኖ ከሰጠችው ሰዓት አሥራ አምስት ደቂቃ ቀድሞ ከፍቷል።

"አሁንስ አበዛው" አለች፣ ጉርሻዋን ሳትውጥ፣ አካፋዋንም ይዛ ወጣች።